ፈረንሳይኛ ሳምንት 11፦ ይሄኛውና ያኛው አናቴን አዞሩት

እንዴት ናችሁ ጓዶች፣ ባለፈው ሳምንት ድምፄ የጠፋው ትምህርቱን ትቼው አይደለም፣ ሰልዊ (ለወንድ)፣ ሴል (ለሴት)፣ ሰ (ለብዙ ወንድ) የሚባሉት የፈረንሳይኛ "ይሄኛው/ያኛው" ቃላት ላይ ተቸንክሬ ነው። የተጀመረው እዚህ ሊዮን ሰፈሬ ያለው ዳቦ ቤት ነው፤ ሻጯ የትኛውን ታርት ልስጥህ ስትለኝ እኔ ሆዬ በጣቴ እየጠቆምኩ በሙሉ ልቤ "ሰልዊ ሩዥ!" አልኳት፣ ቀዩን ማለቴ ነው። ልጅቷ ትንሽ አየት አረገችኝና "አ፣ ሴል ኦ ፍሬዝ?" ብላ እንጆሪ ያለበትን ጠቀለለችልኝ። በሁለት ቃል ሁለት ስህተት በሉት። አንደኛ ታርት ሴት ናት፣ ስለዚህ ሴል ነው የሚባለው። ሁለተኛ ሰልዊም ሆነ ሴል ቅጽል ብቻውን አያስጠጉም፣ ከኋላቸው ወይ ሲ (እዚህ) ወይ ላ (እዛ)፣ ወይ እንደ ደ (የእገሌ የሚለው "የ") ያለ ነገር፣ ወይ ደሞ ኪ፣ ክ፣ ዶን (እንደኛ የመጣው፣ የገዛሁት ላይ ያለው "የ") ይፈልጋሉ።

የሚያናድደው ስህተቱን ያመጣብኝ እንግሊዝኛዬ ነው፣ "ዘ ሬድ ዋን" የሚለውን ቃል በቃል ስገለብጥ። በአማርኛ ባስበው ኖሮ እኮ "ቀዩ" ብዬ ነበር፣ ፈረንሳዮቹም "ለ ሩዥ" ነው የሚሉት፣ ሴት ከሆነች "ላ ሩዥ"፣ አለቀ። ከዛ ቀን ጀምሮ ደብተሬ ላይ እንግሊዝኛ ትቼ በአማርኛ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ። ይሄኛው ሰልዊ-ሲ፣ ያኛው ሰልዊ-ላ፣ የወንድሜ ሲሆን ሰልዊ ደ ሞን ፍሬር። እስከዚህ ቀላል ነው (ሲያወሩ ግን አፍንጫቸው ስር ያለውንም ላ ነው የሚሉት፣ ሲዋን ብዙም አልሰማትም)።

ጉዱ ያለው "የ" ላይ ነው። እኛ የመጣው፣ የገዛሁት፣ የነገርኩህ ብለን ሁሉንም በአንድ የ እንጨርሰዋለን፣ ማን ምን እንዳረገ ግሱ ራሱ ይናገራል። እነሱ ጋ የመጣው ሰልዊ ኪ፣ የገዛሁት ሰልዊ ክ፣ ስለሱ የነገርኩህ ደሞ ሰልዊ ዶን ይሆናል። እኔ አሁን የማረገው መጀመሪያ የአማርኛውን ግስ አይቼ ባለቤቱ ራሱ እቃው ከሆነ ኪ፣ እኔ ወይ ሌላ ሰው ከሆነ ክ እላለሁ። ዶን ገና ከእጄ ያመልጣል።

ጾታው ደሞ ሌላ ጣጣ። እኛ የወደድነውን ወይ ያነሰብንን ነገር ይቺ እንለዋለን፣ "ይቺ ስልኬ" ብለን ስናበቃ ነገ ስትበላሽብን "ይሄ ስልክ" ብንለው ማንም አይጠይቀንም። እዚህ ስልክ ብትወደውም ብትጠላውም ወንድ ነው። ጋር (ባቡር ጣቢያ) ግን ሴት መሆኗን መቼም አልረሳም፣ ምክንያቱም የኛ ለገሀር ራሱ "ላ ጋር" ነው፣ ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1917 (በነሱ አቆጣጠር) ወዲህ ላ-ዋን ተሸክመናት ነው የምንዞረው።

አንድ ደሞ ሳትስቁ ስሙኝ። ስራ ቦታ ቁልፉ ማን ጋ ነው ሲሉኝ ባልደረባዬን እያሳየሁ "ሰልዊ-ላ" አልኩ፣ ሰዉ በሳቅ ሞተ። ለካ አጠገብህ ያለን ሰው እንደዛ ካልከው "ይሄ ደሞ" እንደማለት ነው፣ "ሉዊ" (እሱ) ማለት ነበረብኝ። ቡና ጋብዤው ታረቅን።

ውጤት ለምትጠይቁኝ፦ በመጀመሪያው ቀን ከ20 አረፍተ ነገር 13 ተሳስቼ ነበር፣ ትናንት 5፣ ከነሱም ሶስቱ ዶን ናቸው። አነባበብ ላይ ሴል ነጠላም ብዙም ሆና ድምጿ አንድ ስለሆነ ለመናገር ተመችቶኛል፣ ስጽፍ ግን የመጨረሻዋን ኤስ እረሳታለሁ። በዚህ ሳምንት "ስ ኪ" እና "ስ ክ" ("የሆነው ነገር"፣ "የምትለው ነገር" ዓይነቶቹ) ውስጥ ልገባ ነው፣ "የምትለው አልገባኝም" የሚለውን ስንቴ እንደምፈልገው አስቡት። ዶንን ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንደያዛችሁት ጻፉልኝ እስቲ።