ሁሌም አሥር ደቂቃ ቀርቶታል

ማስታወቂያ መኖሩ አያናድደኝም። ዕቃ ያለው ሰው ዕቃ አለኝ ቢል ምን ነውር አለው? እኔን የሚያበግነኝ ለማሳመን እንኳን የማይደክመው ነው። ሊዋሽ መጥቶ ውሸቱ ላይ የሚሰንፍ።

የኢንተርኔት መሸጫ ገጾች ላይ ያለችውን ያቺን ቀይ ሰዓት ቆጣሪ ታውቋታላችሁ። ቅናሹ ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ቀረው ትላለች፣ ሰከንዶቹ ዓይናችሁ እያየ ይረግፋሉ፣ ገጹን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ግን እንደገና ከአሥር ደቂቃ ትጀምራለች። ነገም ያው ነው። «ሁለት ፍሬ ብቻ ቀርቷል» የሚለውም የእሷው ዘመድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መመሪያ፣ ገዢን ለማስቸኮል ብሎ «ለአጭር ጊዜ ብቻ» እያሉ መዋሸት ምንም ሰበብ ከማይቀርብባቸው ክልክል ነገሮች አንዱ ነው። ቆጣሪዋ ግን አሁንም ትቆጥራለች።

ከዚያ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለባሹ አለ። ተዋናይ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ይሄ የቆየ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ካሜል ሲጋራ ሐኪሞች ከማንኛውም ሲጋራ አብልጠው የሚያጨሱት እኔን ነው እያለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ራሱን ያስተዋውቅ ነበር። ዛሬ ሲጋራው ቀርቶ ጋዋኑ ብቻ ተረፈ።

የቁጥሩ ነገር ይብሳል። ኮልጌት እንግሊዝ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የጥርስ ሐኪሞች የእኔን የጥርስ ሳሙና ይመክራሉ ብሎ ለጥፎ ነበር። ይህን የሚያነብ ሰው ሌሎቹን ሁሉ የሚመክረው ከ20 በመቶ በታች ነው ብሎ ያስባል፣ አይደል? ለካ ሐኪሞቹ ሲጠየቁ ከአንድ በላይ ሳሙና መጥቀስ ይችሉ ነበር፤ አንድ ተፎካካሪም ከኮልጌት ብዙም ሳይርቅ ተመክሯል። የአገሪቱ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ማስታወቂያውን አገደው። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፣ ጥያቄው እንጂ።

የዚሁ ኩባንያ የድሮ ታሪክ ግን ያስቀኛል። ራፒድ ሼቭ የሚባል የጢም መላጫ ክሬም ነበራቸው፤ በቴሌቪዥን የብርጭቆ ወረቀት ላይ ይቀቡትና ወዲያው በምላጭ ሙልጭ አድርገው ይላጩታል። እውነተኛው የብርጭቆ ወረቀት እንዲላጭ 80 ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ ነበረበት። ቴሌቪዥን ላይ የታየው ወረቀት ሳይሆን አሸዋ የተለጠፈበት ፕላስቲክ ነበር። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1965 ተረቱ። ማጭበርበር ነው፣ አልክድም። ግን አስቡት፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ፕላስቲክ ላይ አሸዋ ለጥፏል! ቢያንስ ደክሞበታል። የዛሬዎቹ ይህቺን ታህል እንኳን አያከብሩንም።

የገዢ አስተያየት የሚባለውንማ ተዉት። ሁሉም አምስት ኮከብ፣ ሁሉም «ሕይወቴን ቀየረው»፣ ሁሉም በአንድ እጅ የተጻፈ የሚመስል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት አስተያየት መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ደንብ አውጥታለች፤ እኔ ግን አሁንም የማነበው ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን ብቻ ነው። የተናደደ ሰው ዝርዝር ይናገራል።

ደግሞ አለላችሁ፣ ጫማ ገዝቼ፣ ተጫምቼው እየሄድኩ፣ ያው ጫማ በየገጹ እየተከተለ «ረሳኸኝ?» የሚለኝ። ነገሩ ገብቶኛል፤ አንድ ገጽ ስትከፍቱ ብራውዘራችሁ ላይ ኩኪ የሚሉት ምልክት ይቀራል፣ አስተዋዋቂው በእሱ እየተመራ ይከተላችኋል፣ ማየታችሁን ያውቃል፣ መግዛታችሁን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስለ እኔ ይሄን ሁሉ ሰልለው እግሬ ላይ ያለውን አለማየታቸው ነው የሚገርመኝ።

እውነቱን ቢናገሩ ይከስራሉ የሚለኝ ሰው አለ። አቪስ የተባለው የመኪና አከራይ እ.ኤ.አ. በ1962 «እኛ ሁለተኛ ነን፣ ስለዚህ ይበልጥ እንለፋለን» ብሎ ወጣ። ሲከስር የኖረ ድርጅት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማትረፍ ጀመረ። እኔም ብሆን «ስልኩ ከበድ ይላል፣ ካሜራውም ማታ ደካማ ነው፣ ባትሪው ግን ይቆያል» የሚለኝ ካገኘሁ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ምናልባትም እገዛለሁ።