«ስንት አመጣች?»

ልጄ የኤስኤቲ፣ ማለትም የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ ውጤቷ የደረሳት በታኅሣሥ፣ አንድ ዓርብ ማታ ነው። ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። «ማሚ፣ ሺህ ዘጠና» አለችኝ። ፊቷን አየሁት። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት መለየት አቃተኝ። ለካ እሷም አልለየላትም።

እኔ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ሳይ እጄ ቀድሞ ወደ ካልኩሌተር ይሄዳል። ፈተናው ከ1600 እንደሚታሰብ አውቃለሁ። 1090ን ለ1600 አካፈልኩት፤ 68 ከመቶ ወጣ። ለአባቷም፣ ለእህቴም፣ ቡና ላይ ላገኘኋት ጎረቤቴም «68 ከመቶ አመጣች» አልኩ። ስህተቴ ከዚህ ይጀምራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ አብሮን ኖረ።

ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ ግን ይገባኛል። እኛ አገር ውጤት ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየን ግማሽ ነው። በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ዜና የሰማ ወላጅ አይረሳውም። ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በላይ ሆነ አልሆነ የሚለው ጥያቄ ከአንደበታችን አልጠፋም። እኔም የልጄን ወረቀት ያነበብኩት በዚያው ዓይን ነው።

በዚያ ሳምንት አንድ ማስጠኛ ቤት ሄጄ «68 ከመቶ» ስል ሰውየው ፊቱን አጠቆረ። እንግሊዝኛውንም ሒሳቡንም ከሀ ጀምራ መማር አለባት አለኝ። ወረቀቱን አላየም። እኔም አላሳየሁትም። ከፍዬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያቆመችኝ ልጄ ናት። «ማሚ፣ መጀመሪያ አብረን እናንብበው» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከምታጠናበት አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ላፕቶፑን ይዘን ደጅ ተቀመጥን። ሙሉው ሪፖርት ስልክ ላይ ካየነው ቁጥር በጣም የሰፋ ነው።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ኤስኤቲ ከዜሮ አይጀምርም። እንግሊዝኛው ከ200 እስከ 800፣ ሒሳቡም ከ200 እስከ 800 ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ድምር 400 ነው። በእኔ ስሌት ከሄድን አንድም ጥያቄ ያልመለሰ ልጅ 25 ከመቶ አመጣ ማለት ነው! ያን ሳይ የ68ቱን ነገር እዚያው ተውኩት። ቁጥሩ የተመለሱ ጥያቄዎች ብዛት ሳይሆን ወደ ሌላ መለኪያ የተቀየረ ውጤት ነው። ፈተናው ራሱም ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። እያንዳንዱ ትምህርት በሁለት ዙር ይሰጣል። በመጀመሪያው ዙር ጥሩ የሠራ ልጅ ሁለተኛው ዙር ይከብድበታል። የጥያቄው ክብደትም በውጤቱ ውስጥ ይታሰባል።

ቀጥሎ ፐርሰንታይል የሚል አለ። ይህም ከመቶ ስለሆነ ያሳስታል። አንድ ልጅ 60ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነው ማለት 60 ከመቶውን መለሰ ማለት አይደለም። ከመቶ ተፈታኞች ስልሳው ከእሱ እኩል ወይም ከእሱ በታች አመጡ ማለት ነው። የሚወዳደረው ደግሞ ፈተናውን ከወሰዱ ብዙ ልጆች ጋር ነው። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር እንዳወዳድራት የሚያደርገኝ ምንም ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ይህን ሳውቅ ቀለል አለኝ።

ከዚያ ነጥቦቹን ለየብቻ አየናቸው። እንግሊዝኛ 580፣ ሒሳብ 510። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ለኮሌጅ ዝግጁነት ያስቀመጠው መስመር አለ፤ ለእንግሊዝኛው 480፣ ለሒሳቡ 530። የልጄ እንግሊዝኛ ከመስመሩ መቶ ነጥብ ይበልጣል። ሒሳቡ 20 ይጎድለዋል። ሰውየው ሁለቱንም ከሀ ትጀምር ሲለኝ የነበረው እንግዲህ ይህን ሳያይ ነው።

«ወደቅኩ ማለት ነው?» አለች ልጄ፣ 530ን እያየች። አይደለም። መስመሩ የሚናገረው ስለ ዕድል ነው። እዚያ የደረሰ ተማሪ በኮሌጅ የመጀመሪያ ሴሚስተር፣ በዚያው ትምህርት ዘርፍ ሲ ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 75 በመቶ ነው ማለት ነው። ከታች ያለ ዕድሉ ያንሳል እንጂ በሩ አልተዘጋበትም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብም አይደለም። እሱን የሚወስነው እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ሁለቴ ነገርኳት፤ ምክንያቱም ለእኔም ሁለቴ ካላነበብኩት አልገባኝም ነበር።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ግን ከታች ያሉት፣ በየዘርፉ ምን ያህል እንደሠራች የሚያሳዩት ትንንሽ አሞሌዎች ናቸው። ሒሳቡ በአራት ዘርፍ ተከፍሏል። አልጄብራና ከፍ ያለው ሒሳብ፣ ማለትም ኳድራቲክና ፈንክሽን፣ እያንዳንዳቸው 35 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ጂኦሜትሪና ትሪጎኖሜትሪ 15 በመቶ፣ ዳታና ፕሮፖርሽንም 15 በመቶ። የልጄ አጭሩ አሞሌ ጂኦሜትሪ ነበር። አባቷ ስንነግረው «በቃ፣ ጂኦሜትሪ ታጥና» አለ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያልኩት። ግን ጂኦሜትሪ ከአምስት እስከ ሰባት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ከፍ ያለው ሒሳብ ከ13 እስከ 15 አለው፤ የእሷ አሞሌ እዚያ ግማሽ ላይ ቆሟል። ብዙ ነጥብ የፈሰሰው በዚህ በኩል ነው። በሥራዬም ቢሆን ትልቁ ወጪ ሳይታይ ስለ ትንሹ አይጨነቁም።

ሪፖርቱ የማይነግረው አንድ ነገር አለ፤ የቱን ጥያቄ እንደሳተች አያሳይም። ስለዚህ በገና እረፍት ብሉቡክ በሚባለው የፈተናው መተግበሪያ ላይ ያለውን ነፃ የልምምድ ፈተና አሠራኋት። እሱ ጥያቄ በጥያቄ ያሳያል። ጎኗ ተቀምጬ አየሁ። ኳድራቲኩን ታውቀዋለች። ግን እኛ ጋ ልጆች ሒሳብን የሚማሩት በእጅ እየሠሩ ነው፤ ካልኩሌተር ይዞ ፈተና መግባት አልለመዱም። ፈተናው ውስጥ ዴስሞስ የሚባል ግራፍ የሚሠራ ካልኩሌተር አብሮ አለ። አንድም ጊዜ አልከፈተችውም። እያንዳንዱ የሒሳብ ዙር 22 ጥያቄ በ35 ደቂቃ ነው። አንዱ ላይ አምስት ደቂቃ ስትጨርስ የመጨረሻዎቹ አራቱ ባዶ ቀሩ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ እንደማይቀነስም በደንብ አላወቀችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። ማስጠኛ ቤት አላስገባኋትም። በሳምንት ሦስት ምሽት ካን አካዳሚ በሚባለው ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ከፍ ያለውን ሒሳብ ብቻ ሠራች። ዴስሞስን ለመደች። የከበዳትን ጥያቄ ምልክት አድርጋ ማለፍ፣ ጊዜ ሲተርፋት መመለስ ተማረች። እንግሊዝኛውን አልነካነውም።

ሚያዝያ ላይ ደግማ ተፈተነች። እንግሊዝኛ 590፣ ሒሳብ 560፣ ድምር 1150። አባቷ እልል ሊል ምንም አልቀረው። «እንግሊዝኛውም አደገ!» አለ። አስቀምጬ ነገርኩት። በወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን ወሰን አለ። ልጁ ዛሬ ተፈትኖ ነገ ቢደግመው፣ ምንም ሳያጠና፣ ነጥቡ በ30 ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የእንግሊዝኛው አሥር ነጥብ እድገት አይባልም። ቢቀነስ ኖሮም ውድቀት አንለውም ነበር። የሒሳቡ 50 ግን ከዚያ ወሰን ይወጣል፤ ባዶ የቀረ ጥያቄ እንዳልነበረም ራሷ ነግራናለች።

አባቷ ትንሽ ዝም አለና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበው። «እስቲ አሞሌዎቹን አሳዪኝ» አላት።