ሳይጎን፣ ከአሥር ዓመት በኋላ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለ ፊሊፕ ካፑቶ ሳነብ ዋልኩ። እስካሁን አእምሮዬ እዚያው ነው።

አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1965 ቬትናም፣ ዳ ናንግ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የማሪን (የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር) ተዋጊ ወታደሮች አንዱ ነበር። ያኔ ገና የ23 ዓመት ወጣት መኮንን ነው። ከውትድርና ሲወጣ የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጠኛ ሆነ። በ1975 የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በሰሜን ቬትናም ጦር እጅ ስትወድቅ ደግሞ እዚያው አገር በዘጋቢነት ተገኘ፤ በሄሊኮፕተር ወጣ። የአሜሪካ ተዋጊ ጦር ሲገባ ጠመንጃ ይዞ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ማስታወሻ ደብተር ይዞ! ይሄ ነገር ያስደንቀኛል።

በ1977 ትዝታውን አሳተመ። እኔን የያዘኝ ጀብዱው አይደለም። የላካቸው ወታደሮች ሁለት ቬትናማውያን ወጣቶችን ገደሉ፤ እሱም በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። ክሱ በኋላ ተነሣ። ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? እሱ ግን ጻፈው፤ የራሱንም ጥፋት አልሸሸገም። ለእኔ ከጦር ሜዳው ይልቅ ድፍረት የሚጠይቀው ይሄኛው ነው።

እኛም አገር ስንት ዘማች አለ፤ ያየውን ለልጆቹ እንኳ ሳይነግር የኖረ። እናንተ ቤት ያየውን የጻፈ ወይም የተረከ አባት፣ አጎት፣ አያት አለ? ካለ ንገሩኝ፤ ከልቤ መስማት እፈልጋለሁ።