ደረሰኙ 2013 ይላል

ከአንድ የውጭ አጋር ዩኒቨርሲቲ ኦዲተር የመጣ ኢሜይል አለ፤ እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። ፍሬ ነገሩ አንድ መስመር ነው፦ ይህ ወጪ የተደረገው ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነ አይያዝም። ወጪው 200 ሊትር የጄኔሬተር ናፍጣ ነው። ግምጃ ቤታችን ናፍጣውን ገቢ ሲያደርግ ሞዴል 19 በሚባለው ደረሰኝ ላይ «የካቲት 2013» ብሎ ጽፏል። ፕሮጀክቱ የተጀመረው ደግሞ በእነሱ ጃንዋሪ 2021 ነው። ሰውዬው አልዋሸም፤ ቁጥር ነው የቀነሰው።

መጀመሪያ ሳቅን። ፋይሉን ስናገላብጥ ግን 212 ሰነድ እንደዚሁ ሆኖ አገኘነውና ሳቁ ቆመ። እኔና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ 3 ሳምንት ሙሉ እያንዳንዷን ወረቀት ወደ ፈረንጅ ቀን እየመለስን፣ ሸኚ ደብዳቤ እየጻፍን፣ ማኅተም እያስመታን ላክን። ናፍጣዋ ግን ቀነ ገደብ አለፈባትና ውድቅ ሆነች። ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ተከፈለች ማለት ነው።

የምሠራው በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የግራንት ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ የውጭ ፈንድ ሰጪ አዲስ የፋይናንስ መመሪያ አርቅቆ አስተያየት ሲሰበስብ «የአካባቢሽን ዩኒቨርሲቲዎች ወክለሽ ተናገሪ» ተባልኩ። ማን መረጠሽ ብትሉኝ፣ ማንም። ተመራማሪ እንኳ አይደለሁም፤ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ስሜ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው፣ እንደምገምተው፣ ለኢሜይል ቶሎ ስለምመልስ ነው።

ስብሰባው አውሮፓ ውስጥ ነበር፤ ግብዣው የደረሰኝ ደግሞ 3 ሳምንት ሲቀረው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ የሚታይበት ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ይህን ለማስላት አካውንታንት መሆን አያስፈልግም። በዙም ይሁን ተባለ።

የሌላ ሰው ጉዳይ ከራሴ አውጥቼ ከማወራ ብዬ ስልክ አነሣሁ። በ6 ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ 14 ሰዎች ጋ ደወልኩ። ሁሉም «ብር አነሰን» ይላሉ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አንዷ የላብራቶሪ ኃላፊ መንገድ ላይ ቀልጦ ስለደረሰ ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) ነገረችኝ፤ ውሉ የተበላሸን ዕቃ ሁለተኛ መግዛት ስለማይፈቅድ ጥናቱ ግማሹን ናሙና ጥሎ ቀጠለ። ሌላው ስለ ሰኔ ነገረኝ። ይሄን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ የግዢ ጥያቄ ይዘህ ብትሄድ የሚያናግርህ የለም። የእሱ ፕሮጀክት ማብቂያ ጁላይ 31 ነበር፣ ሐምሌ 24 መሆኑ ነው። የቀረውን ገንዘብ ሊያወጣበት የሚችልበት ወር ካሌንደሩ ላይ አለ፣ ቢሮው ውስጥ ግን የለም። ገንዘቡ ተመለሰ፤ በሪፖርቱ ላይም «ገንዘብ የመጠቀም አቅም ውስን ነው» ተብሎ ተጻፈበት።

ሦስተኛዋ የሐምሌ 22 ቀን 2016ን አነሣች፤ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ የተለቀቀበትን ቀን። ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የዘረዘረችው ቅድመ ክፍያ በድሮው ዋጋ፣ የምትገዛው ዕቃ በአዲሱ። ሪፖርቱን በየትኛው ምንዛሪ እንደምትሠራ የሚናገር አንድም አንቀጽ መመሪያው ውስጥ የለም።

መጨረሻ ላይ ጡረታ የወጡ፣ ግቢው ሁሉ «ፕሮፍ» ብሎ የሚጠራቸው መምህር ጋ ደወልኩ። የጻፍኩትን መግቢያ አነበብኩላቸው። ስለ ፍትሐዊ አጋርነት፣ ስለ እኩልነት፣ ጥሩ ጥሩ ቃላት ነበሩበት። ዝም ብለው ሰሙኝና «ስሚ ልጄ» አሉ፣ «እሱን ተዪው። ያጨበጭቡልሽና ቡና ሊጠጡ ይወጣሉ። ናፍጣውን ንገሪያቸው።»

«ፕሮፍ፣ 200 ሊትር ናፍጣ ይዤ እንዴት ዩኒቨርሲቲዎችን እወክላለሁ?»

«ሌላ ምን አለሽ?»

ሌላማ ነበረኝ፤ ኦቨርሄድ። ጉዳዩን ለማታውቁ፦ ተመራማሪው ፈንድ ሲያመጣ መብራቱን፣ ጥበቃውን፣ ኢንተርኔቱን፣ እኔን የመሰለውን ሒሳብ ሠሪ የሚሸፍን ድርሻ ለተቋሙ ይታሰባል። የሕክምና ምርምርን የሚደግፈው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ኤንአይኤች ከአገሩ ውጭ ላለ ተቋም ሲበዛ 8 በመቶ ነው የሚያስበው፤ ደንብና ሕግ ለማክበር ለሚወጣው ወጪ መደጎሚያ ተብሎ። የራሱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እየተደራደሩ የሚያስወስኑት ግን 50 በመቶን የሚያልፍበት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ኤንአይኤች የሁሉንም ወደ 15 በመቶ አወርዳለሁ አለ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ሰኞ 22 ግዛቶችና የዩኒቨርሲቲ ማኅበራት ፍርድ ቤት ገቡ፤ 15 በመቶ ላብራቶሪ ያዘጋል፣ ሕሙማን ላይ የሚደረግ ሙከራ ያቋርጣል ብለው ተከራከሩ፣ ፍርድ ቤቱም አገደላቸው። ልክ ናቸው፤ ሒሳቡን ስለማውቀው ልክ መሆናቸውን እመሰክራለሁ። ግን ያን ቀን ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በ15 በመቶ ስቀና ዋልኩ።

ያስደነቀኝ መቶኛው ሳይሆን ሦስቱ ቀን ነው። ዓርብ ማታ ወጥቶ ሰኞ ጠበቃ ማቆም የሚቻለው ሰነዱ፣ ቁጥሩና የሚናገረው ሰው ቀድሞ የተዘጋጀ ከሆነ ብቻ ነው። ብራስልስንም እዩ። የእንግሊዞቹ የምርምር ቢሮ እዚያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ብሬክዚት መጥቶ ከኅብረቱ የምርምር ፈንድ ፕሮግራም ከሆራይዘን ዩሮፕ ውጭ በቆዩባቸው ዓመታት እንኳ አልተዘጋም። ጀርመኖቹ አላቸው። ኅብረቱ ውስጥ ያልገባችው ስዊዘርላንድም አላት። ስዊሶቹ ከ2021 ጀምሮ ሆራይዘን ዩሮፕ ላይ እንደ ውጭ ሰው ተቆጥረው ሲጮኹ ከርመው፣ በኖቬምበር 2025 ስምምነቱን ፈርመው ገቡ። የእነዚህ ቢሮዎች ትልቁ ሥራ ምን ይመስላችኋል? ረቂቅ ማንበብ። ከ2028 እስከ 2034 የሚዘልቀውን ቀጣዩን ፕሮግራም የአውሮፓ ኮሚሽን በጁላይ 2025 በ175 ቢሊዮን ዩሮ ሐሳብ አቅርቦበታል፤ እነሱ በየአንቀጹ ላይ እየተከራከሩ ነው። እኛ የምንሰማው ጥሪው ሲወጣ፣ ያውም ቀነ ገደቡ 10 ቀን ሲቀረው፣ በቴሌግራም ነው።

ለአፍሪካ በሩ ዝግ ነው ለማለት አይደለም። ሆራይዘን ዩሮፕ ኦቨርሄድ የሚያስበው ለሙኒክም ለእኛም እኩል 25 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ለውጭ ተቋም ዝቅ የሚደረገው «የአሠራር ችግር ሆኖ ነው» የሚሉኝን አልቀበልም። በክሊኒካል ሙከራ ላይ የሚሠራው የአውሮፓና የአፍሪካ ጥምረት ኢዲሲቲፒ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014ቱ ሁለተኛ ዙር ጀምሮ የአፍሪካ አገሮችን በአባልነት፣ ከነድምፃቸው አስገብቷል። አጀንዳው ገና ሲቀረጽ ወንበር ያለው ሰውና አስተያየት ስጥ ተብሎ የተጠራ ሰው አንድ አይደሉም። እኔ ሁለተኛዋ ነበርኩ።

ቀኑ ደረሰ። በእነሱ 15:00፣ በእኛ 11 ሰዓት። መብራት አልጠፋም፤ ብትጠፋ ኖሮ ምሳሌ ትሆነኝ ነበር። 3 ደቂቃ ተሰጠኝ። መግቢያዬን ትቼ የሞዴል 19ኙን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ዘረጋሁና ቀኑን አነበብኩላቸው። ከዚያ የኦዲተሩን መስመር፣ ስም ሳልጠራ። አንዲት ሴትዮ ሳቀችና ወዲያው አፏን ያዘች። ቀጥዬ ሰኔ 30ን፣ ምንዛሪውን፣ የቀለጠውን ሪኤጀንት በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከነአንቀጽ ቁጥሩ፣ በምትኩ የምንፈልገውን ቃል ጽፌ አቀረብኩ። ኦቨርሄድ ላይ ስደርስ ሰዓቴ አለቀ። በቻት ጻፍኩት። ከእኔ በኋላ የተናገሩት ሰው ስለ እኩልነት 9 ደቂቃ ተናገሩ፤ ማንም አላቋረጣቸውም።

የተስተካከለው ረቂቅ በጥር መጣ። የራሱን የዘመን አቆጣጠር የሚጠቀም ተቋም ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ካያያዘ ሰነዱ እንዳለ ይያዝለታል ይላል። የአገር የበጀት መዝጊያ የፕሮጀክቱ የመጨረሻ 60 ቀን ውስጥ ከወደቀ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ጊዜ ይራዘማል ይላል። ምንዛሪው ግማሽ መልስ አግኝቷል። ሪኤጀንቱ የለም። ኦቨርሄድን በሚቀጥለው ዙር እናየዋለን ብለዋል፤ የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ ጠይቄ እስካሁን ለኢሜይሌ መልስ አላገኘሁም።

የቀኗን አንቀጽ አብሮኝ 3 ሳምንት ማኅተም ሲያስመታ ለከረመው የሒሳብ ሠራተኛ ላክሁለት። «አሁን ነው እንዴ የሚነግሩን» ብሎ መለሰልኝ። ለፕሮፍ ደግሞ ደወልኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ዝም አሉ።

«ጎበዝ» አሉ። «ናፍጣውስ?»

«አልተከፈለም፣ ፕሮፍ።»