ልጆች የሚያቆሙት የካርቶን ሐውልት

ሙዚየም ውስጥ ልጆች አዘውትረው የሚሰሙት ቃል «አትንኩ» ነው። እኔ የሚነኩት ነገር ልሠራላቸው ፈለግኩ። የመረጥኩት ከጣሊያን የተመለሰውን የአክሱም ሐውልት ነው። ቁመቱ 24 ሜትር ስለሆነ ለአሥር አካፍዬ 2 ሜትር ከ40 አደረግኩት። በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሲመጣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነበር። የእኔም ሦስት ቁራጭ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ተጋግዘው ያቆሙታል።

ካርቶኑን መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ ገዛሁ። የፍሪጅ ካርቶን ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ ድርብ ነው።

የመጀመሪያው ሥራዬ ግማሽ ቀን አልቆየም። ታችኛው ቁራጭ ወገቡ ላይ ተጨማደደ። ምክንያቱ የገባኝ የተቆረጠውን ጠርዝ ሳየው ነው። በሁለቱ ወረቀቶች መሃል እንደ ቆርቆሮ የታጠፈ ወረቀት አለ። እጥፋቱ ሽቅብ ከቆመ ክብደት ይሸከማል፤ ከተጋደመ ይጨፈለቃል። እኔ ካርቶን እንዳይባክን ብዬ አጋድሜ ቆርጬዋለሁ። ሁሉንም እንደገና ቆረጥኩ።

ቀለሙም አስተምሮኛል። ውጭውን ብቻ ቀብቼ አደረ፤ ጠዋት ግድግዳው ተቆልምሞ ጠበቀኝ። አሁን ሳልገጣጥመው በፊት ሁለቱንም ፊት እቀባለሁ። ለማጋጠሚያ ከታችኛው ቁራጭ አናት ጠበብ ያለ ሣጥን አወጣሁ፤ የላይኛው እንደ ክዳን ይገባበታል።

ብዙ ያሳሰበኝ ግን በሩ ነው። በእውነተኛው ሐውልት ላይ በሩ ከዚያው ድንጋይ የተቀረጸ ነው፤ አይከፈትም። ልጆቹ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ነው። የካርቶኑን በር በሁለት ቀን ገነጠሉት። አንድ ጓደኛዬ «ማጠፊያ አድርግለትና ይከፈት» አለኝ። ልቤ እምቢ አለ። የአክሱም ጠራቢዎች የዘጉትን እኔ ልከፍተው አልፈለግኩም። አምስት ንብርብር ካርቶን በኮላ አጣብቄ፣ ጠርዙ ጥፍር እንዳያስገባ አድርጌ ከግድግዳው ጋር አንድ አደረግኩት። የዝንጀሮ ራስ የሚባሉትን፣ በድንጋዩ ላይ የእንጨት ጫፍ መስለው የተቀረጹትን ክቦች ደግሞ ከሶፍት ጥቅል ቆርጬ ለጠፍኩ፤ በጣት ይዳሰሳሉ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ መጣች። በሩን ገፋችው። አንኳኳች። ጆሮዋን ለጥፋ ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ «ና፣ የላዩን ያዝልኝ» አለችው።