ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት፣ አንድ አልበም እስከ መጨረሻው

የኢንዲ (ከትልልቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠራ) ሙዚቃ ማዳመጫ ቡድናችንን የሚያምሰው የሙዚቃ ምርጫ ሳይሆን ሰዓት ነው። ቴሌግራም ላይ «ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት» ብዬ ስለጥፍ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ ይገባዋል። ሪያድ ያሉትም ሰዓታቸው ከእኛ እኩል ስለሆነ አይቸገሩም። ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉት ልጆች ግን 3ን በራሳቸው አቆጣጠር ያነቡና አልበሙ ካለቀ በኋላ «ጀመራችሁ?» እያሉ ይመጣሉ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ደግሞ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ የለመዱትም ይምታታባቸዋል። አሁን የየከተማውን ሰዓት ለየብቻ እጽፋለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አልበሙን ሁሉም በየስልኩ ያዘጋጃል፣ እኔ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ክፈቱ» እላለሁ። በድምፅ ቻት ማስተላለፍ አይሆንም፣ ባሱ ይጠፋል። እየሰማን የምንጽፈው ደቂቃና ሰከንድ ነው፤ «4:12፣ ይሄ ምንድን ነው?» ዓይነት። «ደስ ይላል» ወይም «ይደብራል» ማለት ግን የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ ክልክል ነው። አንዱ ቀድሞ ከፈረደ ሌላው መስማቱን ትቶ መከራከር ይጀምራል፤ የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። መሃል ላይ ካሴት የምንገለብጥ ይመስል አጭር እረፍት አለን። ካሴት ነክተው የማያውቁት ልጆች ይስቁብኛል፣ ግን ሻይ የሚያፈሉት በዚያች እረፍት ነው።

የተሰረቀ ፋይል አይለጠፍም። ከዚህ ሆኖ በባንክ ካርድ ውጭ አገር መክፈል ጣጣ ስለሆነ፣ ውጭ ያሉት አባላት ሙዚቃ ከሚሸጥበት ድረ ገጽ ከባንድካምፕ ገዝተው በስጦታ ይልኩልናል።

የኃይሉ መርጊያን እ.ኤ.አ. የ1985 ካሴት ያዳመጥን ሐሙስ፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዱት ጋሼ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ነበር የሚሰሙት። ኃይሉ ያንን ሥራ እዚያው ዋሽንግተን ነው የቀዳው፤ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻውን ተጫውቶ። በኋላ ዓመታትን ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ኮፈን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ ታትሞ ዓለም ሰማው። ጋሼ ምንም ደቂቃ አልጻፉም። «ልጄ፣ እኔ መንገደኛ መጣብኝ፤ እናንተ ቀጥሉ» ብለው ወጡ።

ከሁሉም ያወዛገበን ግን ስሊንት የተባለው የሮክ ባንድ አልበም «ስፓይደርላንድ» ነው። ሉዊቪል፣ ኬንታኪ ያደጉ ሃያ ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ቡድኑ ፈርሶ ነበር። 6 ዘፈን፣ 40 ደቂቃ የማይሞላ። ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ አይዘፍንም፤ ለጎረቤት ሚስጥር እንደሚነግር ሰው ያንሾካሹካል። ስለዚህ ሁሉም ድምፁን ይጨምራል። መጨረሻው ዘፈን ማብቂያ ላይ ግን ይጮኻል፣ ጊታሮቹም አብረውት። እኔ ይህንን አውቃለሁ፣ ሆን ብዬ ግን ለማንም አልናገርም።

ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት አባል አለችን። ኩሽና ውስጥ በአንድ ጆሮዋ ታዳምጣለች፣ ሌላው ጆሮዋ ለእመቤቷ ጥሪ ነው። «እህቴ፣ ምነው ብታስጠነቅቂን! ሰሃኑ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር» አለችኝ። ቀጥላ «ምን እያለ ነው የሚጮኸው?» ብላ ጠየቀች። ሰው ናፍቆት ነው አልኳት። «ታዲያ ይሄንን ለማለት ነው ግማሽ ሰዓት ያንሾካሾከው?» አለች። ስለዚህ አልበም በእንግሊዝኛ ብዙ የተጻፈ አንብቤአለሁ፣ ይህንን የሚያክል ግን አላገኘሁም። የገርጂው ልጅ ግን እስከ ዛሬ «ሁለት ጊታር የተጣሉበት» ነው የሚለው። አልበሙን እስከ መጨረሻው ስለሰማ የፈለገውን ማለት ይችላል። ያልሰማ ሰው አስተያየት ግን እሰርዛለሁ፣ ወንድሜም ቢሆን። አንዴ ሰርዤበትም አኩርፏል።

ለሚቀጥለው ሐሙስ የኮክቶ ትዊንስ ባንድን እ.ኤ.አ. የ1990 አልበም «ሄቨን ኦር ላስ ቬጋስ»ን መርጫለሁ። ይህም ከ40 ደቂቃ በታች ነው፣ ዳታ አይበላም። ዘፋኟ የምትለውን እንግሊዞቹ ራሳቸው በቅጡ አይሰሙትም፤ ስለዚህ «ግጥሙ አልገባኝም» ብሎ መቅረት የለም።