አምስት ድምፅ ለአንድ ግድግዳ

የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ መጀመሪያ የታየው መዳፍ የሚያህል ቡናማ ነጠብጣብ ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን ተቆጥታ በጨርቅ ጠረገችው። በሳምንቱ ሰፋ። በኅዳር አጋማሽ ቁም ሣጥኑን ስንጎትተው ጀርባው ሻግቶ አገኘነው። ግላስጎው ውስጥ በዝናብ የሚደነቅ ሰው የለም፤ ግን ውሃ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለውን የድንጋይ ግንብ ዘልቆ አልጋችን ሥር ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሕንፃው እዚህ አገር «ቴነመንት» የሚሉት ዓይነት ነው። ምድር ቤቱን ጨምሮ አራት ደርብ፣ በየደርቡ ሁለት ቤት፣ በድምሩ ስምንት ባለቤት። ከመንገድ የሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ «ክሎዝ» ይባላል። የእኛ ክሎዝ ግድግዳ እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ሸክላ ተለብጦበታል። ድሮ ሸክላ የለበሰ መግቢያ የደህና ኑሮ ምልክት ነበር፤ የድሃው ክሎዝ ቀለም ብቻ ይቀባ ነበር። የድንጋይ ደረጃው መሐል ለመሐል ከመቶ ዓመት በላይ ተረግጦ እንደ አሮጌ ወፍጮ ሰርጉዷል። ማታ ከሥራ ስመለስ እግሬ ሳላዝዘው እዚያው ጎድጓዳ ላይ ያርፋል።

ወጥ ቤታችን ውስጥ መስኮት የሌለው፣ አንድ አልጋ ልክ የሆነ ስርጉድ ቦታ አለ። ማቀዝቀዣ አቁመንበት ነበር። ኋላ ጋርኔትሂል ሰፈር ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ተሠርቶ ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ቤት ስንጎበኝ ነገሩ ገባኝ፤ ለካ የአልጋ ቦታ ነው። አግነስ ቶዋርድ የምትባል የጽሕፈት ሠራተኛ ከ1911 ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ እዚያ ኖራለች፤ ምንም ነገር የማትጥል ሰው ስለነበረች በ1929 የሠራችው የፕለም ማርማላት ሳይቀር ማሰሮው ውስጥ አለ። በድሃው ቤት ግን ያ ስርጉድ አልጋ የአንዲት ሴት ብቻ አልነበረም፤ ቤተሰቡ ተደራርቦ ያድርበት ነበር።

ወደ ግድግዳዬ ልመለስ። ያየው ሁሉ «ጣሪያው ነው» አለኝ። እኔ ግን የጎንደር ግንበኛ ልጅ ነኝ፤ መንገዱን ተሻግሬ ሕንፃውን ከፊት ለፊት አየሁት። በቢጫማው ጥርብ ድንጋይ መጋጠሚያ ሁሉ ግራጫ መስመር ተሰምሮበታል። አንድ ጊዜ የጠገነው ሰው ስቲላቱራውን፣ ማለትም የድንጋዩን መጋጠሚያ ሙሌት፣ በሲሚንቶ ሠርቶታል። አባቴ የፋሲል ግንብን እያሳዩ «ይኼ በኖራ ነው የቆመው፤ ኖራ ይተነፍሳል» ሲሉኝ ተረት ይመስለኝ ነበር።

የጠራሁት ስኮትላንዳዊ ግንበኛ ያንኑ ነገረኝ። የአሸዋ ድንጋይ ዝናብ ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ በኖራው መጋጠሚያ በኩል መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ያንን መውጫ ሲደፍነው ውሃው እድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ክረምት ውርጭ ሲይዘው ደግሞ የድንጋዩን ፊት ይልጠዋል። ሰውየው መሮውን ከሲሚንቶው ጎን ገፋ አደረገው። ድንጋዩ እንደ ረጠበ ስኳር ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ግድግዳው በእኔ መኝታ ቤት በኩል ቢያፈስም የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ እንደሚለው የይዞታ ሰነዱ ሌላ ነገር ካልደነገገ የውጭ ግድግዳና ጣሪያ በጋራ ይጠገናል፤ ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ነው። ከስምንት አምስት ማለት ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለውሃ ፓምፕ መዋጮ የሰበሰበ ሰው ጭንቀቴን ይረዳዋል።

የቀሩትን ሰባት ባለቤቶች ማግባባት ጀመርኩ። ሌላ ከተማ የሚኖረው አከራይ ለደብዳቤዬ መልስ አልሰጠም። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጎልማሳ «ውሃው አንተ ቤት እንጂ እኔ ቤት አይደለም» ብለው በሩን በትሕትና ዘጉት። የእኔን ጨምሮ አራት ድምፅ ይዤ ምድር ቤት ወደሚኖሩት አሮጊት ወረድኩ። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ሁልጊዜ ባለጌ የሆንኩ ይመስለኛል፤ አንገቴን ዝቅ በማድረግ አካክሰዋለሁ። ሻይ ቀዱልኝና ድሮ ደረጃ ለማጠብ ተራው የደረሰ ቤት በሩ ላይ ካርድ ይሰቀልበት እንደነበር አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. በ1915 በሜሪ ባርበር መሪነት የግላስጎው የጎቫን ሰፈር ሴቶች የኪራይ ጭማሪን ሲቃወሙ ተከራይ አስወጪ በመጣ ቁጥር ደወል እየደወሉ ዱቄት ይወረውሩበት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኪራይ የሚገድብ ሕግ ወጣ። ይህን ሲያወሩ ከእነሱ ጋር የወረወሩ ይመስሉ ነበር እንጂ ያኔ አልተወለዱም። አምስተኛው ድምፅ የእሳቸው ሆነ። አንደኛ ፎቅ ያሉትንም ሰው «ለእኔ ተዋቸው» አሉኝ። ምን እንዳሏቸው አላወቅሁም፤ ማክሰኞ ዕለት ድርሻቸውን ከፈሉ።

ኖራ ውርጭ ስለማይወድ እስከ ሚያዝያ ጠበቅን። ሥራው ሲጀመር አዲሱ ቡኬት በፍጥነት እንዳይደርቅ በረጠበ ጆንያ ሸፈኑት፤ ሕንፃችን የእህል መጋዘን መሰለ። ስልኬን አንስቼ ለአባቴ በቪዲዮ አሳየኋቸው። ስለ ቤቱ ውበት አንድ ቃል አልተነፈሱም። «ኖራውን ከውሃ ጋር ለምን ያህል ጊዜ አሳደሩት?» አሉ። ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ግንበኛው ከመወጣጫው ላይ ሦስት ጣቱን አሳየ፤ ሦስት ወር።

አባቴ ጥቂት አሰቡና «ይሁን» አሉ።